ምርጡን የሽለላ አልበም ሆላንዶች አጀቡት ብዬ የጻፍኩ ዕለት

እሁድ ማታ ነበር። መብራት ሄዶ ገና መምጣቱ ነው። ስልኬ አሥራ ሁለት ፐርሰንት ላይ ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ስለ ሙዚቃ መጻፍ አልነበረበትም። እኔ ግን የምንጨዋወትበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጻፍኩ።

ነገሩ በአጭሩ ይሄ ነው። እስከዛሬ ከሰማኋቸው የሽለላ ቅጂዎች ሁሉ ምርጡ፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ዘ ኤክስ ከሚባል የሆላንድ ባንድ ጋር የሠራው «ሞዓ አንበሳ» ነው አልኩ። አልበሙ የወጣው በ2006 ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው። ወደ እኛ ስቀይር ሰባት ነው ስምንት የሚቀነሰው ሁልጊዜ ይምታታብኛል።)

እንዴት እንዳገኘሁትም ጽፌ ነበር። ሁለት ክረምት ይሆነዋል፣ አንድ ጓደኛዬ ፍላሽ ሰጠኝ። ፍላሹ ላይ የተጫዋች ስም የለም፣ የዘፈን ስም የለም። ትራክ 01፣ ትራክ 02 ብቻ። ወደ ስልኬ ገልብጬ ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ ስሄድ ታክሲ ውስጥ ከፈትኩት። የጆሮ ማዳመጫዬ የሚሠራው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሳክስፎኑ ገባ። ወፍራም ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱን ድምፅ ከያዘ አይለቅም። ከኋላው ደግሞ ኳ፣ ኳ፣ ቋቋቋ የሚል ነገር አለ። የታክሲው በር በደንብ ያልተዘጋ መሰለኝና ለረዳቱ ነገርኩት። ረዳቱ ከፍቶ እንደገና ዘጋው። ኳኳታው አልቆመም። ማዳመጫውን ከጆሮዬ ሳወጣው ጠፋ። ለካ ጊታር ኖሯል።

ከዚያ ወደ ክርክሬ ገባሁ። ሽለላ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም አልኩ። ገጠር ሠርግ ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ተነስቶ ሲሸልል ዙሪያውን ያለው ሰው ቁጭ ብሎ አያዳምጥም። የሚይዘው አለ፣ ልቀቁት የሚል አለ፣ በዱላ መሬት የሚደበድብ አለ፣ እልል የምትል አለች። ደም የሚያፈላው ይሄ ሁሉ ሲደመር ነው። የጌታቸው የድሮ ቅጂዎች ላይ ሳክሱ እሳት ነው። ከኋላው ያለው ባንድ ግን ሳሎን ውስጥ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው ጨዋ ነው። ሆላንዶቹ ሠርገኛ ሆኑለት። ይገፉታል፣ ይይዙታል፣ መሬቱን ይደበድቡለታል። ከዚህ በቀር ሌላ የምለው የለኝም።

እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ስልኬ አራት ፐርሰንት ሲደርስ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ። የእኛን የጎንደርን ሽለላ ጎንደሬው ጌታቸው ለዓለም አሳየልን የሚል። ላክሁት፣ ስልኩ ጠፋ፣ ተኛሁ። ጠዋት ስከፍተው ሦስት መልስ ጠበቀኝ።

መልስ 1 በጣም ጨዋ ነበር። ሰላምታ ሰጥቶ፣ አመስግኖ፣ ጌታቸውን እንደሚያውቅ፣ ዘ ኤክስ የሚባለውን ግን ሰምቶ እንደማያውቅ ገልጾ ማብራሪያ ጠየቀ። ሲነጋጋ ሰው ሁሉ እንዲህ ትሁት ነው።

መልስ 2 የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነው። የሚያውቀውን ሁሉ ዘረገፈው። ዘ ኤክስ በ1979 የተመሠረተ የፓንክ፣ ማለትም የጩኸታምና ፈጣን ሮክ ባንድ ነው አለ። አምስተርዳም አካባቢ ባዶ ቤት ሰብረው ገብተው ከሚኖሩ ወጣቶች መሃል የወጣ ነው። ስሙ አጭር የሆነውም ግድግዳ ላይ በሚረጭ ቀለም ቶሎ ለመጻፍ እንዲመች ተብሎ ነው። ጽፎ መሮጥ። ጊታር ላይ ቴሪ ሄሰልስና አንዲ ሙር፣ ከበሮ ላይ ካተሪና ቦርነፌልድ፣ ድምፅ ላይ ደግሞ እስከ 2009 ድረስ ጂ ደብልዩ ሶክ። ኒርቫና የተባለውን የሮክ ባንድ ከቀረጸው ከስቲቭ አልቢኒ ጋርም አልበሞች ሠርተዋል። ልጁ ፈተና ላይ እንዲህ ቢጽፍ ኤ ያገኛል።

መልስ 3 ቃሌን ያዘብኝ። መድረኩ ላይ በለጠፍኩት ጽሑፍ ርዕስ ኢንዲ ሮክ ብዬ ነበር። ይሄ ሰው ኢንዲ ማለት ጺም ያላቸው ልጆች በለሆሳስ የሚዘፍኑት ነው ብሎ ያምናል። ዘ ኤክስ ፓንክ ነው፣ አትቀላቅል አለኝ።

መልስ 4 እኔ ነኝ። ኢንዲ ያልኩት በድምፁ ሳይሆን በኪሱ በኩል እንደሆነ አስረዳሁ። ትልቅ ኩባንያ የለባቸውም፣ አለቃ የለባቸውም። የራሳቸውን ሙዚቃ ራሳቸው ያሳትማሉ። «ሞዓ አንበሳ»ም የወጣው ቴሪ ራሱ በሚመራው ቴርፕ በተባለ ትንሽ አሳታሚ ነው። ቴርፕ ከዚያ በፊትና በኋላም የእኛን አገርና የኤርትራን ሙዚቃ አሳትሟል። ነገሩ እዚህ የበረደ መሰለኝ።

መልስ 5 ሰላምታ እንኳ አልነበረውም። ጌታቸው መኩሪያ የተወለደው በ1935 ይፋት ነው አለ። ይፋት ሸዋ ነው። ገና ልጅ ሳለ የገባው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ነው፣ በ1955 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 የፖሊስ ኦርኬስትራ። ጎንደር በየት በኩል ገባች ብሎ ጠየቀኝ። ዱላ ይዞ የጮኸ ሁሉ ጎንደሬ የሚመስላችሁ ለምንድን ነው የሚል ነገርም አክሎበታል። ምን እላለሁ? ተሳስቻለሁ። ዐረፍተ ነገሯን አጠፋሁ፣ ይቅርታም ጠየቅሁ። ከመልስ 6 እስከ 8 ያሉት ሰዎች ግን ካስተካከልኩ በኋላም ሲያስተካክሉኝ ዋሉ። አንደኛው የወሎን ስም አንስቶ ነበር። ሽለላ የአንድ አገር ርስት አለመሆኑን ሁሉም ተስማምቶ ሳለ፣ ሁሉም የራሱን አገር እየጠራ ነበር።

መልስ 9 ሲመጣ ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ሌላ መልክ ያዘ። ጸሐፊው አዘዞ የሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። በዚህ መድረክ ላይ አንቱ የምንላቸው እሳቸውን ብቻ ነው። ልጆቼ ብለው ጀመሩ። ሽለላ፣ ቀረርቶ፣ ፉከራ እያላችሁ እንደ ሽሮና በርበሬ አትቀይጡት አሉ። በእሳቸው አከፋፈል ፉከራ የባለቤቱ ነው። ጀግናው ራሱ ቆሞ የጣለውን፣ የማረከውን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በፈጣን ንግግር ይቆጥራል። ቀረርቶ ዜማ ነው፣ ድምፅ ተስቦ፣ ተራራ ለተራራ እንዲሰማ። ሽለላም ዜማ አለው፣ የሌላውን ወኔ ለመቀስቀስ አዝማሪም ሊለው ይችላል። ስለዚህ ጌታቸው ሳክሱን ሲያስጮኸው እሳቸው የሚሰሙት አብዛኛውን ጊዜ ቀረርቶ ነው። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት ተናገሩ። ሳክስ የአባቱን ስም መጥራት ስለማይችል መፎከር አይችልም።

ይህቺን ያህል አገላለጽ በወር አንዴ ብናገኝ ነው።

መልስ 10 ከአርማጭሆ ነኝ የሚል ሰው ነው። በትህትና ጀምሮ ሲጨርስ ትህትናው አልቆ ነበር። በእነሱ አገር ሦስቱ ተለይተው አይቆሙም አለ። አንድ ሰው ተነስቶ በቀረርቶ ይጀምራል፣ በፉከራ ይጨርሳል፣ መሃሉ ላይ ያለውን ማንም ስም አይሰጠውም። ከመጽሐፍ የተቀዳ ክፍፍል ነው ሲል እሳቸውን ነካቸው። መልስ 11 ያስታራቂ ሥራ ለመሥራት ፈልጎ፣ አስተማሪው ልዩነቱን በድምፅ ቀድተው እንዲልኩልን ለመነ። እሳቸው ወዲያው መለሱ። በዚህ ዕድሜዬ ቤቴ ውስጥ ብፎክር ጎረቤት ሊገላግል ይመጣል አሉ። ለዚህች ብቻ ሃያ ምናምን ላይክ ተሰጠ። የእኔ ጽሑፍ እስከዚያ ድረስ ሰባት ነበራት።

መልስ 12 አዲስ ጠብ ይዞ ገባ። ጌታቸው አሜሪካኖቹን ነው የቀዳው አለ። የሳክስፎን ተጫዋቾቹን የአልበርት አይለርንና የኦርኔት ኮልማንን ፍሪ ጃዝ፣ ያንን ልጓም የሌለውን ጃዝ የሰማ ሰው ይሄን ወዲያው ያውቃል አለ። ስለ ጃዝ የሚያውቅ ሰው አነጋገሩ ያስታውቃል፣ እያዛጋ የሚጽፍ ይመስላል።

መልስ 13 ሆላንድ አገር፣ ዩትሬክት ከተማ የምትኖር የጎንደር ልጅ ናት። ቀጥቅጣ መለሰችለት። ኮልማን ለፍሪ ጃዝ ስም የሰጠውን አልበም የቀረጸው በ1960 መጨረሻ ነው። ጌታቸው ሽለላን በሳክስ መጫወት የጀመረው በ1950ዎቹ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ታዲያ ማን ከማን ቀዳ? ሁለት ሰው ሳይተዋወቅ አንድ ወንዝ ሊሻገር ይችላል አለች። ፈረንጆቹ ራሳቸው ጌታቸውን በደንብ የሰሙት በ2003 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ ከሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ሲዲዎች 14ኛውን ለእሱ ብቻ ሲሰጠው ነው።

ከዚያ የማላውቀውን ነገር ነገረችን። በ2004 ዘ ኤክስ 25ኛ ዓመቱን አምስተርዳም ሲያከብር ጌታቸውን ጋበዙት። ያን ዕለት የተጫወተው ከእነሱ ጋር ሳይሆን ከሌላ የሆላንድ የጃዝ ቡድን ጋር ነው። ዘ ኤክስን ግን ሰማቸው። ሰምቶም ቀጣዩን አልበሜን እናንተ አጅቡኝ ያለው እሱ ነው። ጠያቂው እሱ ነው፣ እነሱ አይደሉም። እስቲ አስቡት። ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው፣ የቴአትር ቤትና የፖሊስ ኦርኬስትራ አንጋፋ፣ ከፊቱ የቆሙትን ጊታር የሚቀጠቅጡ ፓንኮች አይቶ የእኔ ሰዎች እነዚህ ናቸው ሲል። እኔ ይሄን ሳነብ ሻይ ቤት ነበርኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ።

መልስ 14 አውራ ጣት ብቻ ነው።

መልስ 15 ላይ ትንሽ ልቆይ። የጻፈው ልጅ ቡርቧክስ ነው ያደገው። የአዝማሪ ልጅ ነው። ረጅም ነበር፣ ነጥብም ኮማም አልነበረውም። ስለ ጊታር ስለ ፓንክ ስለ አምስተርዳም ይሄን ሁሉ ስትጽፉ አንድ ሰው እንኳ መሰንቆ የሚል ቃል አልጠራም አለ። ጌታቸው ሳክስ ከመያዙ በፊት ክራርና መሰንቆ እንደተማረ የምታውቁ አላችሁ? ያ ሳክሱ ላይ የምትወዱት መንቀጥቀጥ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? መሰንቆ አንድ ክር ነው ያለው። የፈረስ ጭራ ነው። ጣት ክሩን እንጨት ላይ አያጣብቀውም፣ አየር ላይ ነው የሚነካው። ስለዚህ ድምፁ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ይንሸራተታል፣ ይንቀጠቀጣል። ደጋኑ ሲመለስ ደግሞ ያለቅሳል። ሳክሱ ያንን ነው የሚለው። አባቴ ሠርግ ላይ ሲሸልል ስንቱን ወንድ ከመቀመጫው አስነስቷል፣ ሲያልቅ ግን አንተ አዝማሪ ተብሎ ከበር ላይ ነው የሚበላው አለ። ለአባቴ ማን ጻፈለት?

ለሁለት ሰዓት ያህል ማንም ምንም አልጻፈም። ሁላችንም ከፍተን እንደምናነብ ግን ይታይ ነበር።

መልስ 16 አዛውንቱ አስተማሪ ናቸው። ትክክል ነህ ልጄ አሉ፣ ሌላ ነገር አላከሉም። ከዚያ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት። ልጁ በግል መልእክት ልኮላቸው ይሆናል፣ እኛ አላየነውም።

ከመልስ 17 እስከ 24 ያለውን አሁን ብትፈልጉት አታገኙትም። አድሚን አጥፍቶታል። አንዱ የአልበሙ ስም ለምን «ሞዓ አንበሳ» ሆነ ብሎ ቅን ጥያቄ ጠየቀ። ሌላው ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ የሚለው የነገሥታቱ ማዕረግ እንደሆነ መለሰ። እስከዚህ ሰላም ነበር። ከዚያ አንበሳው ባንዲራ ላይ ወጣ፣ ከባንዲራው ወረደ፣ ንጉሡ መጡ፣ ደርግ መጣ። ስድብም መጣ። ከዚያ ሁሉ የተረፈው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። ጌታቸው ሳክሱን ታጥቆ፣ እንደ ጥንት ዘማች ለምድ ደርቦ፣ ጎፈር ደፍቶ። ፎቶውን ያየ ሰው ስለ ስሙ ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

መልስ 25 ሆቴል ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳክስ የሚጫወት ሰው ነው። ወደ ሙዚቃው ስለመለሰን አመሰግነዋለሁ። የጌታቸውን ድምፅ ለማውጣት ስንት ጊዜ እንደሞከረ ነገረን። ቴነር ሳክስ ነው። መንቀጥቀጡ የሚመጣው ከጣት ሳይሆን ከመንጋጋና ከትንፋሽ ነው። መንጋጋህን ማላላት አለብህ፣ ትንፋሽህ ግን መቀነስ የለበትም። ብዙ ሰው ሲያላላ ድምፁ ይሞትበታል። ቤት ውስጥ ሲለማመድ አከራዩ በሩን አንኳኩተው ሆድህን ነው ወይ የሚያምህ አሉት። ዳማከሴ ጨምቀው ሰጡት። አሁን አንገረብ ወንዝ ዳር ወርዶ ነው የሚለማመደው። እዚያም የሚያዳምጡት ፍየሎች ናቸው፣ እነሱም ብዙ አይቆዩም።

መልስ 26 ጊታሩን ጠልቶታል። አልበሙን በዚህ ክር ምክንያት ፈልጎ ሰምቶታል፣ ለዚህ ክብር ይገባዋል። ሳክሱን ወድዷል። የቀረው ግን የብረታ ብረት ቤት ነው አለ። አንዱ ይቆርጣል፣ አንዱ ይበይዳል። ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው ደግሞ እኔኑ ነው። የክሩ ባለቤት ራሱ የታክሲ በር መሰለኝ ብሎ መስክሯል አለ። በገዛ አፌ ተያዝኩ።

መልስ 27 ፒያሳ አካባቢ ስፒከርና ቴፕ የሚጠግን ልጅ ነው። ስለ ድምፅ ሲያወራ ሌላ ሰው ይሆናል። ሁለቱ ጊታሮች አንድ ላይ አይመቱም አለ። አንዱ ትንሽ ቁራጭ ይመታል፣ ሌላው በዚያ ቁራጭ ክፍተት ውስጥ የራሱን ያስገባል። አንዱ ብቻውን ቢሰማ ትርጉም የለውም። ካተሪና ከበሮውን እንደ ሮክ ከበሮ አትመታውም፣ የላም ቃጭል የመሰለ ብረት ትቀላቅላለች፣ ወደ ከበሮ ጭፈራ ያዘነብላል። ቤዝ ላይ ኮሊን ማክሊን አለ። እንግዶች አሉ፣ ትሮምቦን ላይ ዮስት ባውስ፣ ክላሪኔት ላይ ዣቪየ ሻርል፣ አልቶ ሳክስ ላይ ብሮዲ ዌስት። እነዚህ ተቀባይ ናቸው፣ ጌታቸው ያወጣል፣ እነሱ ይቀበላሉ። ጌታቸው አንዱን ድምፅ ይዞ ሲቆም ጊታሮቹ ዝቅ ይላሉ። ትንፋሽ ሲወስድ ይወርዱበታል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የጆሮ ማዳመጫህ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚሠራው አላልክም ወይ አለኝ። አዎ ብያለሁ። ታዲያ ሁለት ክረምት ሙሉ የሰማኸው ግማሹን ነው አለኝ።

እውነቱን ነው። ስቴሪዮ የተቀዳን ነገር በአንድ ጆሮ ሰምቼ በሕይወቴ ምርጡ አልበም ብዬ ፈርጃለሁ። ያን ዕለት ማታ ከጎረቤት ልጅ ትልቁን የጆሮ ማዳመጫ ተዋስኩ። ባርኔጣ የሚያክል ነው። አልጋዬ ላይ ተጋደምኩና ትራክ 04ን ከፈትኩ። ኳኳታው አንድ አልነበረም። ሲጠራሩ ሰማኋቸው። አንዱ ሲለው ሌላው ወዲያ ማዶ ሆኖ ይመልሳል፣ መሃል ላይ ሽማግሌው ቆሟል። ሁለት ጊዜ ማዳመጫውን አውልቄ ሰው መጣ እንዴ ብዬ በሩን አይቻለሁ።

ከመልስ 28 እስከ 31 የተነሳው የተለመደው ነው። ፈረንጅ መጥቶ ሙዚቃችንን ዘርፎ ሄደ የሚለው። መልስ 29 ላይ የዩትሬክቷ ልጅ ተመልሳ መልስ 13ን እንዲያነቡ ነገረቻቸው። ጠያቂው እሱ ነው። ሽፋኑ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የጌታቸው ስም ነው፣ ዘ ኤክስ ቀጥሎ ነው፣ እንግዶቹ መጨረሻ። በ2008 ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ግቢ ውስጥ አብረው ተጫውተዋል፣ በ2012 ደግሞ «የአንበሳው ትዝታ» የሚባል ሁለተኛ ሥራ አወጡለት። ይሄ የሚዘርፍ ሰው ጠባይ ነው ወይ አለች። አንዱ አሁንም አልተዋጠለትም። መልስ 31 ግን በሁለት መስመር ጨረሰን። ስለ ዝርፊያ ካወራችሁ፣ ይሄን አልበም በፍላሽ ገልብጦ ሁለት ዓመት በነጻ የሰማው የክሩ ባለቤት ለጌታቸው ስንት ብር ከፈለ አለ።

ምንም። መልስም የለኝም። እዚህ ክር ላይ ከተጻፈው ሁሉ ያመመኝ ይሄ ነው።

መልስ 32 የእኔ ነው። ርዕስ ለመቀየር ብዬ ነው የሚሉ ይኖራሉ፣ ትንሽ እውነትነት አለው። አያቴ ከዳባት ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው እኔ ዘንድ ሰንብተው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያንን ባርኔጣ የሚያክል ማዳመጫ ከነቆባቸው ላይ ደፋሁላቸው። የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ዝም ብለው ቆዩ። ዓይናቸው ታሽጓል፣ ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ብዙም ሳይቆይ ቀኝ እጃቸው ወለሉን መዳበስ ጀመረ። ዱላቸውን ነው የሚፈልጉት። በሩ ጋ ነበር፣ አምጥቼ ሰጠኋቸው። ጨበጡት፣ ግን አልመቱም። ዘፈኑ ሲያልቅ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው እንደ ድስት ክዳን አነሱትና ማን ሞቶ ነው ብለው ጠየቁኝ።

ማንም አልሞተም አልኳቸው። በእሳቸው አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ለቅሶው ላይ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጠመንጃው ተይዞ፣ ይቀረርታል፣ ይፎከራል። የሰሙት ያንን ነው። እና ይሄ ሰውዬ አለ አሉኝ። የለም አልኩ። መቼ አሉ። በፈረንጅ ሚያዝያ 2016 ነው። በጣቴ ቆጠርኩ፣ ስምንቱን ቀንሼ መጋቢት 2008 ብዬ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ መጀመሪያውኑ ያልኩት ምን ነበር ዓይነት ነቅነቃ ነው። ከዚያ ስለ አጃቢዎቹ ጠየቅኋቸው፣ ስለ ጊታሮቹ። ሰክረዋል አሉ። ግን አልተኙም፣ ሥራቸውን ያውቃሉ። ድገምልኝ አሉና መልሰው ደፉት።

መልስ 33 ያው የብረታ ብረቱ ሰውዬ ነው። አያትህ ከእኔ ጋር ናቸው፣ ሰክረዋል ብለዋል አለ። መልስ 34 አስተማሪው ናቸው። የዳባቱን ሽማግሌ ደግፈው፣ ቀረርቶ ለሠርግም ለለቅሶም አንድ እንደሆነ፣ ልዩነቱ ግጥሙ ላይ እንጂ ዜማው ላይ እንዳልሆነ ጻፉ። የአርማጭሆው ሰው በዚህ ከእሳቸው ጋር ተስማማ። በዚህ ክር ላይ የተስማማው በዚህ ብቻ ነው። መልስ 35 ዳማከሴ ለሆድ ሳይሆን ለምች ነው የሚል ክርክር አነሳ፣ እስከ መልስ 39 ድረስ ስለ ዳማከሴና ስለ ጤና አዳም ነው የተወራው። ደስ ይላል፣ ግን አልዘረዝረውም።

መልስ 40 የቡርቧክሱ ልጅ ነው። እስከዚያ ዝም ብሎ ነበር። አያትህ መሰንቆውን ሰምተዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መሰንቆ እኮ አልበሙ ላይ የለም አልኩት። እሱን አይደለም የጠየቅኩህ አለኝ። ደውዬ ጠየቅኋቸው። አያቴ ስልክ ላይ ይጮኻሉ፣ ዳባት ያለ ሰው በሙሉ ሰምቷል። ሌላ ምን ነበረ ታዲያ አሉኝ። ይህንኑ ጻፍኩለት። ልብ ላከልኝ፣ ቀዩን።

መልስ 41 ላይ አስተማሪው ለምን አንገናኝም አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዘዞ፣ እሳቸው የሚያውቁት ጠጅ ቤት። የቡርቧክሱ ልጅ አባቱን ይዞ እንደሚመጣ ተናገረ፣ አባቱ ግን ከበር ላይ እንደማይቀመጥ አስቀድሞ አሳወቀ። አስተማሪው ከጎኔ ነው የሚቀመጠው አሉ። ሳክሰኛው ቅዳሜ ማታ ሥራ ስላለው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው። የብረታ ብረቱ ሰውዬም እመጣለሁ ብሏል፣ ጥጥ ለጆሮው ይዞ። የፒያሳው ጠጋኝ ስፒከር አመጣለሁ ብሎ ነበር፣ አሁን ግን ያለው አንድ በኩሉ ብቻ የሚሠራ ነው ይላል።